ባድ ላክ ያሏት አስራ ሰባት ቁጥር

ባለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ ቤዛ ከሥራ ገብታ ቦርሳዋን ሶፋው ላይ ወረወረችና ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ «እማማ፣ እኔ በቃ አንለኪ ነኝ!» አለችኝ።

የምንኖረው ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ወጥቶ የገባ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ጉልበቱ ነው። እሷ ግን ከጉልበቷ በፊት ስለ ዕድሏ ጀመረች። ቤዛ ቂሊንጦ ልብስ ስፌት ውስጥ ነው የምትሠራው፤ በጠዋት ሰርቪስ ትሄዳለች፣ ማታ ክር ልብሷ ላይ ተጣብቆ ትመለሳለች። ያንን ክር እየለቀምኩላት «ምን ሆንሽ ደግሞ?» አልኳት።

«ስድስት ቁጥር ደረሰኝ።»

«ስድስት ቁጥር ምንድን ነው?»

«ማሽን ነዋ! ስድስት ቁጥር ላይ ተቀምጦ ኮታ የሞላ ሰው የለም። ክሩ ይበጠሳል፣ እንደገና ይበጠሳል። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ እያለቀሰች ነው የወጣችው።»

«ማነው ያደለሽ?»

«ማንም አላደለኝም። ሱፐርቫይዘራችን ስልኳ ላይ የዕጣ ጎማ ታሽከረክራለች፣ የሁላችንም ስም ይዞራል፣ የቆመበት ላይ ቆመ። ላክ ነው እማማ፤ ፌር ነው።»

ላክ ነው፣ ፌር ነው። ሁለቱን ቃላት እንዲህ አጠገብ ላጠገብ ስሰማቸው ሳሌ ተነሳብኝ። ይህ ሳል የቆየ ጓደኛዬ ነው። ከየት እንደተዋወቅን እነግራችኋለሁ፤ እንዲያውም ዛሬ የማወራው ስለ እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ያኔ አስራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አቃቂ ከሚገኙት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች በአንዱ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ፣ አቡጀዲ የሚሸምን ማሽን ላይ እሠራ ነበር። አቃቂን ዛሬ የምታውቋት ሰዎች ያኔዋን አታውቋትም። ከፋብሪካው አጥር ወዲያ ጤፍና ሽምብራ ነበር። ክረምት ላይ ጥቁሩ አፈር ጫማ ይዞ የማይለቅ ጭቃ ይሆናል፤ እኛ ሴቶች ጫማችንን በእጃችን ይዘን እስከ በሩ እንመጣና የዘበኛው ቧንቧ ላይ እግራችንን ታጥበን እንገባለን። በጋ ሲገባ ደግሞ ያው አፈር ደርቆ እንደ አሮጌ ሳህን ይሰነጣጠቃል፣ የሽምብራ እሸት በየመንገዱ ዳር በእቅፍ በእቅፍ ይሸጣል። ምሳ ሰዓት ላይ ከዳቦና ከሻይ ጋር እሸቱን እየፈለፈልን ስንበላ ጣታችን አረንጓዴ ይሆናል፤ ካቦው ያዩን እንደሆነ «በዚህ እጅ ጨርቁን እንዳትነኩት!» እያሉ ይጮኻሉ።

ካቦ የሥራ አለቃ ነው። የኛ ካቦ አቶ ግርማ ይባላሉ። ክፉ ሰው ነበሩ ብዬ እንዳልናገር ደግ የሆኑበትንም ቀን አስታውሳለሁ። ነገር ግን ሁለት ነገር ይወዱ ነበር፤ አንደኛው ከራሳቸው የማይለየው ቡኒ ቆብ ነው፣ ሁለተኛው እንግሊዝኛ። እንግሊዝኛቸው ብዙ አልነበረም። ያለችውን ግን ሳይሰስቱ ነበር የሚጠቀሙባት።

የሽመና ክፍላችን አርባ ማሽን ነበረው። የክፍሉ ልማድ ደግሞ ማሽኖቹን በየሦስት ወሩ በዕጣ ማደል ነበር። አቶ ግርማ ቁጥሮቹን በቁራጭ ወረቀት ጽፈው፣ ጠቅልለው፣ ቆባቸው ውስጥ ይጨምሩና በየተራ ያዞሩልናል። አርባ እጅ ቆቡ ውስጥ ይገባል። ማሽኖቹ እኩል አይደሉም፤ አንዱ ይቀናል፣ አንዱ ያስቸግራል። ስለዚህ ዕጣ ማውጣት ለሁላችንም የፍትሕ መጨረሻ ይመስለን ነበር። ዕቁብ በዕጣ ነው፣ መሬት ሲከፋፈል በዕጣ ነው። ዕጣ ያወጣውን ሰው ይቀበለዋል እንጂ አይጣላውም ተብለን ነው ያደግነው።

ከአርባዎቹ ግን ሁሉም የሚፈራት አንዲት ነበረች፤ አስራ ሰባት ቁጥር። ስም አውጥተንላት ነበር፣ «ገፊዋ» እንላታለን። ሀገራችን ባሏ የሞተባትን፣ ልጅ ያልጸናላትን ሴት ገፊ ብሎ የሚሰድብ ሀገር ነው፤ እኛ ደግሞ ያንን ስም ከሴት አውርደን ብረት ላይ ለጠፍነው። ገፊዋ ድር ትበጥሳለች። ድር ማለት ከላይ እስከ ታች የተወጠረው ክር ነው፤ ማጉ፣ አግድሙ ክር፣ በመወርወሪያው ተይዞ በሱ መሀል ይመላለሳል። አንዲት የድር ክር በተበጠሰች ቁጥር ማሽኑ ይቆማል፤ አንቺ ጎንበስ ብለሽ ጫፏን ትፈልጊያለሽ፣ ትቋጥሪያለሽ፣ እንደገና ታስነሺዋለሽ። ሌላው ሰው ሲሸምን አንቺ ስትቋጥሪ ትውያለሽ።

ይህ ባልከፋ። ክፋቱ የሦስት ወሩ መጨረሻ ላይ ነው። ከሁሉም ያነሰ ሜትር የሸመነች ሠራተኛ ከማሽን ላይ ትነሳና ጥጥ መለያ ትገባለች። ጥጥ መለያ ማለት ገና ያልተፈተለው ጥጥ ከጆንያ ወጥቶ የሚበጠርበት ክፍል ነው። ከውስጡ የሚወጣ ሰው ቅንድቡ ነጭ ሆኖ፣ ዱቄት የተነሰነሰበት መስሎ ነው የሚወጣው። እናቴ አስራ አንድ ዓመት እዚያ ሠርታለች። ደረቷ ሲያፏጭ ከጓዳ ይሰማኝ ነበር። ከምንም ነገር በላይ፣ ከረሃብም ከሞትም በላይ የምፈራው ያንን በር ነበር።

በዚያ ዓመት መስከረም ላይ እጄን ቆቡ ውስጥ ጨመርኩ። ወረቀቷን ፈታሁ። አስራ ሰባት።

ክፍሉ ውስጥ የ«ውይ» ድምፅ ተሰማ። አቶ ግርማ ወረቀቷን ከእጄ ወስደው አዩና ሳቁ። «ባድ ላክ!» አሉኝ፣ «ባድ ላክ፣ ዘነበች!» ቀጥለውም ቆቡን ወደሚቀጥለው ሰው አዞሩት።

እኔ እንግሊዝኛ የማውቅ ሰው አልነበርኩም። ትምህርቴ እናቴ ስትታመም አራተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ሆኖም ቃል እወድ ነበር፤ የተጻፈ ነገር ካየሁ ሳላነበው አላልፍም። የማነበውን የሚሰጠኝ ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ነበር። ጋሽ ሸምሱ ከስልጤ የመጣ ባለሱቅ ነው፤ ሱቁ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ነበረች። ስኳርና ጨው የሚጠቀልልበትን አሮጌ ወረቀት በኪሎ ይገዛል። በዚያ ሰሞን በኪሎ ከገዛው መሀል ሽፋኗ የወለቀ አንዲት የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ተገኘች። ሩብ ኪሎ ስኳር ስገዛ በአንድ ቅጠሏ ጠቀለለልኝ። ቤት ገብቼ ስኳሩን ዕቃ ውስጥ ገልብጬ ቅጠሉን ሳነበው አደርኩ። በማግስቱ ሄጄ «ጋሼ፣ ለኔ ሁልጊዜ በዚህችው ጠቅልልልኝ፤ በተራ ግን፣ ገጽ እንዳትዘል» አልኩት።

«እንግሊዝኛውን ነው የምትገዢው ስኳሩን?» አለኝ።

«ሁለቱንም።»

«እንግዲያው ስኳር የምትወጂ አትመስዪም፤ በየቀኑ ሩብ ሩብ እየወሰድሽ በዓመቱ ጥርስሽ ይረግፋል» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ግን መጽሐፏን ከባንኮኒው ስር አድርጎ ለኔ ብቻ ይቀድላት ጀመር።

አስራ ሰባት ቁጥር ከደረሰችኝ ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ ጨው ልገዛ ሄጄ ያችን ገጽ አገኘኋት። ጨው ሊጠቀለልባት የተቀደደችው ቅጠል ላይ «ላክ» የሚለው ቃል ነበር። ባንኮኒው ላይ ዘርግቼ ጣቴን ከስሩ እየጎተትኩ አነበብኩ። ትርጉሙ «ዕድል፤ ገድ፤ አጋጣሚ» ይላል። ቀጥሎ እንዴት እንደሚነገር ያሳያል፤ ጉድ ላክ፣ መልካም ዕድል። ባድ ላክ፣ መጥፎ ዕድል። ለኪ፣ ዕድለኛ፣ ገደኛ።

ቆሜ አሰብኩ። የኛ ቋንቋ ለዚህ ነገር ስንት ቃል አለው! ዕድል ስንል ያደለ አለ፤ የታደለም ያልታደለም ወደ አዳዩ ቀና ብሎ ያያል፣ ቢያመሰግንም እሱን፣ ቢያማርርም እሱን። ዕጣ ስንል የራሳችን እጅ ቆቡ ውስጥ ገብቷል። ገድ ስንል በጠዋት ማን እንደቀደመን እናያለን፣ እግረ እርጥብ ነው እግረ ደረቅ እንላለን። ፈንታ አለ፣ ሲሳይ አለ። ሁሉም ወደ አንድ ሰው ወይም ወደ ፈጣሪ የሚመራ መንገድ አላቸው። ይሄ «ላክ» የሚሉት ግን፣ አቶ ግርማ አፍ ውስጥ፣ ባለቤት የሌለው ውሻ ነው። ነክሶሽ ይሄዳል፤ «ውሻው የማነው?» ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም ትከሻውን ይነቀንቃል።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ «ምን ይላል?» አለኝ።

«ዕድል ይላል ጋሼ። እናንተ ጋ ምን ትሉታላችሁ?»

«ሪዝቅ እንላለን» አለ፣ ጨውን ሚዛን ላይ እያደረገ። «ሪዝቅ ከአላህ ነው፤ አትጠራጠሪ። ሱቁን በጠዋት የሚከፍተው ግን ሸምሱ ነው።»

ወረቀቱን አጥፌ በቱታዬ ኪስ ከተትኩት።

መስከረም ደህና አለፈ። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ገፊዋ ስሟን ልታስከብር ተነሳች። ጠዋት ጠዋት ደህና ትሠራለች። ከምሳ በኋላ ግን ክሯ እንደ ደረቀ ሣር ይበጠሳል። አንዱን ስቋጥር ሁለት፣ ሁለቱን ስቋጥር አራት። ከጎኔ አስራ ስምንት ቁጥር ላይ የምትሠራው ጫልቱ ነበረች። ጫልቱ የዚያው የአቃቂ ገበሬ ልጅ ናት፤ አባቷ ከፋብሪካው አጥር ኋላ ያርሳሉ። እሷ ማሽኗን አስነስታ ጨርቋ እንደ ወንዝ ሲወርድ፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ስቋጥር ታየኛለች። በማሽኑ ጩኸት መሀል ስለማንሰማማ ጆሮዬ ላይ ተጠግታ ነው የምታወራኝ።

«ዘኑ፣ ጠበል እርጫት!»

«ባንቺ ይድረስ ብዬ ነው የምረጫት!»

ሌሎቹ የምራቸውን ነበር። አንዷ በማሽኑ እግር ስር ጨው በትና ሄደች። ሌላዋ፣ አስራ ሰባት ቁጥር ላይ ድሮ ጣቷን ያጣች ሴት ስለነበረች ነው አለችኝ፤ የማን ጣት እንደሆነ ስጠይቅ የሚያውቅ አልተገኘም። እኔም ለአንድ ሰሞን አመንኩ፤ አልዋሽም። ማታ ስተኛ በሕልሜ የጥጥ መለያው በር ይከፈታል።

አንድ ቀን ኅዳር ውስጥ፣ ምሳ በልተን አጥሩ ጋ ቆመን ሳለ፣ የጫልቱ አባት አውድማቸው ላይ ሲሠሩ አየን። ጠዋቱን ሙሉ በከብት ሲያበራዩ ቆይተው፣ አሁን ምርቱን በመንሽ ወደ ላይ እያነሱ ይበትኑታል። ገለባው እየተንሳፈፈ ወደኛ ይመጣል፣ እህሉ ቁልቁል ይወርዳል።

«ለምን ጠዋት አይሠሩትም? ፀሐዩ ሳይከርር» አልኳት ጫልቱን።

እንደ ሞኝ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ የከተማ ልጅ! ጠዋት ነፋስ አለ? የበጋ ነፋስ ከምሳ በኋላ ነው የሚነሳው። አባባ እኮ ነፋሱን ጠብቆ ነው የሚያነሳው።»

ገለባው ፊቴ ላይ አረፈ። ጠረግሁትና ገለባው የሚሄድበትን በዓይኔ ተከተልኩ። በአጥሩ ላይ አለፈ፣ በግቢው ላይ አለፈ፣ ከሽመና ክፍሉ ግድግዳ ደርሶ መስታወቱ በረገፈ በአንድ መስኮት ሽው ብሎ ገባ። ያ መስኮት ከማን ማሽን በላይ እንዳለ መቁጠር አላስፈለገኝም።

ሮጥኩ። ገፊዋ አጠገብ ቆሜ ክንዴን ወደ መስኮቱ ዘረጋሁ። ደረቁ ነፋስ በቀጥታ ድሩ ላይ ይወርዳል፤ በድሩ ላይ የገለባ ብናኝ ተኝቷል። ክር እርጥበት ይወዳል፤ ይህን ማንም ሸማኔ ያውቃል፤ ቤቱ ጓሮ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚሸምን ሰው እንኳ በበጋ ደረቅ ክር እንደሚያስቸግር ይነግራችኋል። መስከረም ላይ ደህና የነበረችው አየሩ ርጥብ ስለነበረ ነው። ጠዋት ደህና የምትሆነው ነፋሱ ስላልተነሳ ነው። ስንት ሴት አልቅሳባት፣ ስንት ጨው ተበትኖላት፣ የገፊዋ ኃጢአት አንድ የረገፈ መስታወት ነበር!

በማግስቱ ሁለት ጆንያ ውሃ ውስጥ ነክሬ፣ ጫልቱ ትከሻ ላይ ቆሜ መስኮቱ ላይ ሰቀልኳቸው። ያን ቀን ከሰዓት ሦስት ጊዜ ብቻ ቋጠርኩ። ጫልቱ እያየችኝ አፏን በሻሿ ይዛ ሳቀች። ሁለት ሳምንት እንዲህ ቆየን። ከዕለታት አንድ ቀን አቶ ግርማ ሲያልፉ የጆንያው ጠብታ ቆባቸው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድን ነው? ፋብሪካ ነው ልብስ ማጠቢያ?»

ነገርኳቸው። ነፋሱን፣ ክሩን፣ አውድማውን ሁሉ። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ፤ ይህን አልክድም። «መስታወት ቢገባለት እኮ ይድናል አቶ ግርማ» ብዬ ጨረስኩ።

«ዘነበች» አሉኝ፣ «ይቺ ማሽን ከኔ በፊትም እንዲሁ ነበረች። ባድ ላክ ናት። አሁን ጆንያሽን አውርጂና ታኅሣሥን ጠብቂ፤ ዕጣ ሲወጣ ትገላገያለሽ።»

ጆንያው ወረደ። ድሩ እንደገና መበጠስ ጀመረ። እኔም ያንን የመዝገበ ቃላት ቅጠል ከኪሴ እያወጣሁ አነብ ነበር፤ በዚያች በአንዲት ቃል ስንት ነገር ሊሸፈን እንደሚችል ማየት ጀምሬ ነበርና።

ታኅሣሥ ሲገባ አርባችንም ተሰበሰብን። መጀመሪያ ሜትር ተነበበ። እኔ በጆንያው ሁለት ሳምንት ምክንያት ከመጨረሻ ሁለተኛ ወጣሁ። ተረፍኩ! ጫልቱ በጎን እጄን ጭምቅ አድርጋ ያዘችኝ። የመጨረሻዋ ግን በታይፎይድ ታማ ወር ሙሉ የቀረች ልጅ ነበረች፤ በበሽታው የረገፈው ፀጉሯ ገና አልበቀለም። «ታምሜ ነው እኮ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ወለሉን እያየች።

አቶ ግርማ ወረቀቱን አጥፈው «ባድ ላክ» አሉ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ቀጥለው ቆባቸውን አውልቀው ዕጣዎቹን ጨመሩበትና ወደኔ ዘረጉት። «በይ፣ አሁን ተገላገይ።»

ቆቡ ውስጥ አርባ ጥቅል ወረቀት ነበር። እጄን ብጨምር፣ ከአርባው ሠላሳ ዘጠኙ ከአስራ ሰባት ቁጥር ያወጣኛል። ሌላ ሰው ይይዛታል፤ ምናልባት ጫልቱ፣ ምናልባት ቤቷ ሦስት ሕፃን ያላት ሴት። እኔ ምን ገዶኝ? ዕጣ ነው፤ ፍትሕ ነው። እጄ ግን አልነሳም አለኝ። የሁላችንንም እጅ አየሁ፤ በየተራቸው ሊገቡ የተዘጋጁ አርባ እጆች። ያቺን ማሽን ለዓመታት እርስ በርስ ያደልናት እኛው ነን። በገዛ እጃችን።

«አላወጣም» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ዕጣውን ይተዉትና መስኮቱን ያሠሩት። መስታወት እስኪገባ ድረስ እጄን ከዚህ ቆብ አላስገባም።»

ማሽኖቹ ቆመው ስለነበር ቃሌ እስከ ዳር ተሰማ፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲህ የሚሰማው በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው። አቶ ግርማ ቆቡን ወደ ጫልቱ አዞሩት። ጫልቱ እጆቿን ከኋላዋ አድርጋ ቆመች። «እኔም» አለች። ቀጣይዋ ሴት ቆቡን አየች፣ ጫልቱን አየች፣ እሷም እጇን ነጠላዋ ስር ከተተች። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ይሉ የለ? ከሁለት ደግሞ አርባ ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያየሁት። ቆቡ ዞሮ ዞሮ እንደሞላ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ።

አቶ ግርማ ወረቀቶቹን ሳያራግፉ ቆቡን ራሳቸው ላይ ሊያደርጉ ሲሉ ዕጣዎቹ በትከሻቸው ላይ ረገፉ። ማንም አልሳቀም። ቢስቅ ኖሮ ይሻል ነበር መሰለኝ፤ ፊታቸው ጠቆረ።

«ማነሽ ጀማሪዋ? ዘነበች። እሺ። ለዚች በሽተኛ ካዘንሽላት አንቺ በሷ ቦታ ግቢ።» የጥጥ መለያውን በር በጣታቸው አሳዩኝ።

ለምኜ ይቅርታ ብጠይቅ ይተዉኝ ነበር። ሁሉም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። እናቴን አሰብኩ፤ ያንን ፉጨት። ከዚያ ደግሞ ያቺን ፀጉሯ የረገፈ ልጅ አየሁ። «እሺ፣ እገባለሁ» አልኩ። «ይህን ግን ባድ ላክ እንዳይሉት። ይህንን እርስዎ ነዎት ያደረጉት።»

ገባሁ። ከታኅሣሥ እስከ ፋሲካ ጥጥ መለያ ነበርኩ። የዚያን ጊዜ ነገር ብዙ አላወራም፤ ጀግና ነበርኩም አልልም። አንዳንድ ቀን ቅንድቤን በመስኮት መስታወት ሳየው እናቴን አያለሁ፣ ያኔ «ምን አለ እጄን ብጨምር!» እላለሁ። ይህ ሳሌ የዚያ ወራት ነው። ነገር ግን ዕጣ ካልወጣ ማሽን ማደል አይቻልም፤ ማሽን ካልታደለ ሥራ የለም። ማሽኖቹ ሦስት ቀን ቆመው ዋሉ፤ በአራተኛው ቀን አናጺ መጣ። መስታወት አልተገኘም ተብሎ መስኮቱን በቆርቆሮ መታው። የቆርቆሮው ድምፅ እስከ ጥጥ መለያ ተሰማኝ፤ አንድ አንድ ሚስማር ሲመታ ቆጠርኩት።

አስራ ሰባት ቁጥር ከዚያ በኋላ እንደ ማንኛዋም ማሽን ሆነች። ሴቶቹ ዕጣውን አንቀበልም አሉ፤ ሁሉም የያዘችውን ያዘች። ጫልቱ የራሷንና አስራ ሰባትን፣ ሁለቱን ማሽን ይዛ፣ በመሀላቸው እየተመላለሰች እስከ ፋሲካ ድረስ ጠበቀችኝ። «ባለቤት አላት» ትላቸው ነበር አሉ፣ ሊወስዳት የመጣውን ሁሉ።

የቅጣት ጊዜዬ አልቆ ተመልሼ ማሽኔ ላይ የቆምኩበት ሳምንት አቶ ግርማ ሜትር ሊያዩ መጡ። የሸመንኩትን አቡጀዲ በእጃቸው እየዳሰሱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቂም የያዙ አይመስሉም ነበር፤ ምናልባት ረስተውታል፣ ምናልባት መርሳት ፈልገዋል።

«ዘነበች፣ ለኪ ነሽ!» አሉኝ። «ከሁሉም ምርጧ ማሽን ደረሰችሽ።»

ማሽኑን አቆምኩት፤ ደህና አድርገው እንዲሰሙኝ።

«ለኪ አይደለሁም አቶ ግርማ» አልኳቸው። «መስኮት ነው።»

ቀና ብለው ቆርቆሮውን አዩ። እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሠርተው፣ ያን መስኮት ያኔ የመጀመሪያ ጊዜ ያዩት መሰለኝ። አንድም ቃል ሳይናገሩ ሄዱ፤ በአማርኛም በእንግሊዝኛም።

ይህንን ሁሉ ለቤዛ ነገርኳት፣ ሶፋው ላይ፣ ክሯን እየለቀምኩላት። መሀል ላይ ስልኳን ማየት ጀምራ ነበር፤ ቆቡ ሞልቶ ሲመለስ ግን ስልኳን አስቀመጠችው።

«ስድስት ቁጥራችሁ ምን አጠገብ ነው የቆመችው?» አልኳት።

«እኔ ምን አውቃለሁ እማማ! ማሽን ነው፣ ከማሽን አጠገብ ነዋ።»

«ክሩ የሚበጠሰው ቀኑን ሙሉ ነው ወይስ በሆነ ሰዓት?»

ጣቷን እያጠፈች ሰዓቱን መቁጠር ጀመረች። ስታስብ እናቷን ትመስላለች፣ እናቷ ደግሞ እኔን።

«ኧረ እማማ፣ አንቺ መርማሪ ፖሊስ መሆን ነበረብሽ» ብላ ልትተኛ ገባች።

ሰው ዕድለኛ አይደለም አልልም። ይህን ያህል ዕድሜ መኖሬ፣ ጫልቱን የመሰለ ሰው በጎኔ መቆሟ የኔ ሥራ አይደለም፤ ለዚያ ቀና ብዬ የማመሰግነው አለኝ። ጠላቴ ያቺ ሌላዋ ናት፤ መስታወት ሲረግፍ የምትመጣ፣ ሰው ሲታመም የምትመጣ፣ ማንም ሳይጠየቅ የምታሳልፍ ቃል። ድሮ ከቆብ ነበር የምትወጣው፣ ዛሬ ስልክ ላይ በቀለም አጊጣ ትሽከረከራለች። ያው እሷ ናት፤ ድምጿን አውቃለሁ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቤዛ ልትወጣ ጫማዋን ስታስር ሰርቪሱ ከታች ጡሩምባ ነፋ። በሩን ከፍታ ቆማ ዞረች።

«እማማ፣ ጉድ ላክ በይኝ እንጂ!»

«አልልሽም» አልኳት። ሳሌ መጣብኝ፣ አሳልፌው ቃሌን ጨረስኩ። «ሂጂና መስኮቱን እዪው።»